ነጂው ማን ነበር?



እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1938 የአሜሪካን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የመታ ከባድ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ማዕበል መካከል ሮቢን ጉድፌሎ የተባለች የጭነት መርከብ ከአፍሪካ የተጫኑ ሁለት ቀጭኔዎችን ይዛ ወደ ኒውዮርክ ትጓዛለች። መርከቧ ተረፈች፤ ቀጭኔዎቹም ተረፉ። ከወደቡ በኋላ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቋረጥ አገር ይጠብቃቸው ነበር፤ የገዛቸው የሳንዲያጎ መካነ አራዊት ያለው በሌላው ውቅያኖስ ዳር ነው። ቻርሊ ስሚዝ የተባለ የመካነ አራዊቱ የእንስሳት ኃላፊ በጭነት መኪና ጭኗቸው ተነሣ። ያ ሁሉ አንገት ከድልድይ ሥር እንዴት ያልፋል? ዳገቱን ሲወጡ፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ እግራቸው እንዴት ይጸናል? ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በሕይወት አደረሳቸው። በወዲያኛው ጫፍ የተረከበቻቸው ቤል ቤንችሌይ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የመካነ አራዊት ሥራ አስኪያጅ ተብላ የምትጠቀስ ናት።

ይህ የሆነ ነገር ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በመዝገብ ቤት የጋዜጣ ቁራጭ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሊንዳ ራትሌጅ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2021 ታሪካዊ ልቦለድ አድርጋ አሳተመችው። ርእሱ በአማርኛ «ከቀጭኔዎች ጋር ወደ ምዕራብ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩን የሚተርከው ዉዲ ኒክል የ105 ዓመት ሽማግሌ ነው። ድርቅና የአቧራ ማዕበል ቤተሰቡን ያሳጣው፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ሳለ ያቺን የጭነት መኪና እንዴት እንደ ነዳ ከመሞቱ በፊት ጽፎ ለመጨረስ ይጣደፋል።

አንባቢዎች መጽሐፉን በሁለት መንገድ ተቀበሉት። ብዙዎቹ ከቀጭኔዎቹ ጋር ፍቅር ያዛቸው፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን የነበረችውን አሜሪካ በመኪና መስኮት ያዩ ያህል ተሰማቸው፤ መጨረሻው ላይ አለቀሱ። ሌሎቹ ደግሞ «አጋጣሚው በዛ፤ የፍቅሩ ታሪክ በግድ የገባ ነው፤ ሽማግሌው ትረካውን እያቋረጠ ያሰለቻል» ብለው ነቀፉት። የወደዱትም የነቀፉትም ግን አንድ ጥያቄ ይጋራሉ፤ «የቱ ነው እውነቱ?» ይላሉ። ፎቶግራፍ ይፈልጋሉ፤ የድሮ ጋዜጣ ያገላብጣሉ። ሲያገላብጡም መርከቧን ያገኛሉ፤ ማዕበሉን ያገኛሉ፤ ቻርሊ ስሚዝንና ቤል ቤንችሌይን ያገኛሉ። ያለቀሱለትን ዉዲን ግን አያገኙትም። ዉዲ የደራሲዋ ፈጠራ ነው።

አንባቢው ልቡን የሰጠው በመዝገብ ላይ ላልተገኘው ሰው መሆኑ የዛሬው ንግግር መነሻ ነው። እንስሳን ከአገር አገር ስለ ማጓጓዝ የተጻፈ ሰነድ ሞልቷል። ሰነዱ ሰጪውን ያውቃል፤ ተቀባዩን ያውቃል፤ እንስሳውን ያውቃል። ገመዱን ይዞ በእግሩ የሄደውን ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም። ልቦለድ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ እንዲህ ባለ ክፍተት እጅግ ሀብታም ነው።

«እውነት ነው ወይስ ተቀባ?» የሚለው የአንባቢ ጥያቄ ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1621 የሕንዱ ሙጋል ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ቤተ መንግሥት አንድ የሜዳ አህያ ደረሰ። ከሐበሻ ምድር ተነሥቶ በቱርኮች እጅ አልፎ የመጣ ነበር። በቦታው የነበሩ ሰዎች መስመሩን አይተው ሰው የቀባው ቀለም ነው ብለው ጠረጠሩ። ንጉሡ ራሱ በጻፈው የዘመን ማስታወሻ ላይ እንደ ተረከው፣ በደንብ ተመርምሮ ፈጣሪ የሣለው መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያም የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ማንሱር ሣለው፤ ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያል። እንስሳውን ግን ጃሃንጊር ለኢራኑ ሻህ አባስ በስጦታ ላከው። ከሐበሻ ሕንድ፣ ከሕንድ ኢራን! በዚያ ሁሉ መንገድ ማን አበላው? ማን አጠጣው? ማስታወሻው ስለ መስመሩ ውበት ይናገራል፤ ስለ ነጂው አይናገርም።

ሁለተኛው የሜዳ አህያ ወደ እኛ ዘመን ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1882 ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩ። እንስሳው ፓሪስ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ኤሚል ኡስታሌ የተባለ ተመራማሪ ሲመረምረው እስከዚያ ጊዜ በሳይንስ ያልተመዘገበ ዝርያ ሆኖ አገኘው። ስም አወጣለት፤ የሰጠውን ንጉሥ ወይም የመጣበትን አገር ትቶ በተቀባዩ ስም ጠራው። የግሬቪ የሜዳ አህያ የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ዝርያው በዱር የሚገኘው በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ከአዋሽ ወዲያ በአላይደጌ ሜዳ ላይ ጥቂቶች አሉ። ምኒልክ እንዲህ ዓይነት ስጦታ በዚህ አላቆሙም፤ ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ከአሜሪካ ጋር ግንኙነት ሲጀምሩ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የላኩት የሜዳ አህያ ዋሽንግተን ደርሶ «ዳን» ተብሎ ተጠራ። ለእንስሳው ስም ወጣለት፤ እስከ ባሕር ድረስ የመራው ሰው ስም ግን ከታሪክ ውጭ ቀረ።

ከሸዋ እስከ ባሕር ያለውን መንገድ በዚያ ዘመን መሄድ ምን ማለት እንደ ነበር ከሌላ መንገደኛ መገመት ይቻላል። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ላይ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ተነሣ፤ በግመል ቅፍለት አንኮበር የደረሰው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። በረሃው ሙቀት ነው፤ ውኃው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የተቆጠረ ነው፤ መንገዱ ያለ አፋር መሪ አይታለፍም። ግመል ይህን ለምዷል። ጭነት የማያውቅ፣ ገመድ የማይወድ፣ ሲደነግጥ የሚራገጥ የሜዳ አህያ በዚያ መንገድ ሲነዳ ማሰብ ለደራሲ ትልቅ ምዕራፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ አርሲም ድርሻዋ አላት። እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች፣ ማለትም ከዚሁ ከአርሲ ደጋ፣ የደጋ አጋዘን ገደለ። ቀንዱና ቆዳው ለንደን ሄደ። ሪቻርድ ላይደከር እ.ኤ.አ. በ1910 ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቀው በአዳኙ ስም ሰየመው። በአሥር ሳንቲማችን ላይ የታተመው እንስሳ ይኸው ነው። እንስሳው በቁሙ ባይጓዝም ራሱ ተጉዟል። ቀንዱን ከገላማ ወይም ከጭላሎ አቀበት ያወረዱት የአካባቢው ሰዎችና በቅሎዎች ግን በዝርያው ስም ውስጥ ቦታ አላገኙም።

ነጂው በስሙ የሚታወቅበት ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1826 የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሻርል አሥረኛ አንዲት ግልገል ቀጭኔ ላከ። የተያዘችው ሱዳን ውስጥ፣ ከእኛ ድንበር በማይርቀው የሰናር አገር ነው። በግመል ጀርባ፣ ከዚያም በዓባይ ጀልባ ወደ ግብፅ ወረደች፤ በመርከብ ሜዲትራኒያንን ስትሻገር አንገቷ እንዲወጣ የመርከቡ ወለል ተቀደደላት። ወተት የሚታለቡላት ላሞች አብረዋት ተጫኑ። ከማርሴይ እስከ ፓሪስ ያለውን 880 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሯ ሄደች፤ ለዝናቡ ልብስ ተሰፍቶላት፣ ከፊት ከፊቷ ላሞቹ እየሄዱ፣ 41 ቀን ፈጀባት። ጉዞውን የመራው ኤቲየን ዦፍሯ ሴንት ኢሌር ስመ ጥር የእንስሳት ሊቅ ነው፤ ታሪክ በሰፊው ያውቀዋል። ነገር ግን ሐሰንና አቲር የተባሉት ጠባቂዎችም በስማቸው ይታወቃሉ። ሱዳናዊው አቲር ፓሪስ ቀረ፤ ከቀጭኔዋ ጋር በአንድ ቤት እየኖረ ይንከባከባት ነበር። እሷም እስከ እ.ኤ.አ. 1845 ኖረች።

የአቲር ስም መትረፉ ለታሪኩ ምን እንደ ጨመረ ልብ በሉ። አቲር ባይኖር ታሪኩ የሁለት ገዥዎች ስጦታ ነበር። አቲር ስላለ አንባቢው ይጠይቃል፤ አገሩ ናፈቀው? በምን ቋንቋ ያናግራት ነበር? በብርዱ ማን ማንን አጽናና? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም፤ ሊሰጥም አይችልም። የልቦለድ ጸሐፊ ግን ከዚያ ይጀምራል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እንስሳት በብዛት ተጭነው አገር ያቋረጡበት ታላቁ ታሪካችን የመቅደላ ዘመቻ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ 44 የሠለጠኑ ዝሆኖች ከሕንድ በመርከብ አስጭኖ ዙላ ላይ አወረደ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎችና ግመሎችም ነበሩ። የዘመቻው የመጀመሪያ ውርደት የደረሰው ጥይት ሳይተኮስ ነው፤ በቅሎዎቹ ከመርከብ ሲወርዱ የሚበቃ ነጂ አልተዘጋጀላቸውም ነበር። ገመድ እየበጠሱ ጠፉ፤ በጥምና በበሽታ በጠረፉ ላይ ረገፉ። የዘመኑ ኃያል መንግሥት ገንዘብም መርከብም ነበረው፤ የጎደለው በቅሎ የሚያውቅ ሰው ነው።

ዝሆኖቹ ግን ከነነጂዎቻቸው ስለ መጡ ከባዱን መድፍ በጀርባቸው ተሸክመው፣ በሰንዓፌ ወጥተው፣ 640 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የተራራ መንገድ ተጓዙ። ዝሆን በዱር ብቻ ለሚያውቅ የአገሬ ሰው፣ ሰው ጀርባው ላይ ተቀምጦ የሚታዘዝ ዝሆን ማየት ትንሽ ነገር አልነበረም። አንድ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውኃና ከመቶ ኪሎ በላይ መኖ ይፈልጋል፤ ይህን በትግራይና በላስታ ተራራ ላይ በየቀኑ ማግኘት ነበረባቸው።

በዚያው ወራት በሌላ አቅጣጫ ሌላ ጭነት ይጓዝ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎትታሉ። የሚጎትተው ሰው ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ወሰደ። በአንድ ወገን ዝሆን መድፍ ይሸከማል፤ በሌላው ወገን ሰው የዝሆኑን ሥራ ይሠራል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሁለቱ ጭነቶች መቅደላ ላይ ተገናኙ። ከንጉሡ ሞት በኋላ የተዘረፉትን የብራና መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ንዋያት ወደ ደላንታ ሜዳ ለጨረታ የወሰዱት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ናቸው።

የአማርኛ ታሪካዊ ልቦለድ ይህን ዘመን አልዘነጋውም። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል፤ ትውልድ አንብቧቸዋል። የሁለቱም ልብ ያለው ግን በንጉሡ ዘንድ ነው። ያም ይገባል፤ ቴዎድሮስን ያህል ሰው መሐል ላይ ቆሞ ዝሆን ነጂ ማን ያያል? ከሕንድ ተጭኖ መጥቶ የማያውቀውን ተራራ በዝሆን ጀርባ የወጣው፣ ሲመለስ የሰው አገር መጽሐፍ በዝሆኑ ላይ የተጫነበት ሰው ግን ገና ደራሲውን እየጠበቀ ነው።

የራትሌጅን መጽሐፍ ከሚነቅፉ አንባቢዎች አንዱ ወገን «ጣፋጭነቱ በዛ» ይላል። ነቀፋው ለእኛም ደራሲዎች ይጠቅማል፤ የእንስሳት ጉዞ ሁሉ ድንቅ ነገር ይዞ አይመጣምና። የጣልያን ጦር ምጽዋን ከያዘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ለሠራዊቱ ከሕንድ ያስመጣቸው ከብቶች የደስታ በሽታ ይዘው ገቡ። በሽታው ከጠረፍ ወደ ደጋ ወጣ፤ ሸዋን ተሻገረ፤ ወደ ደቡብ ወረደ። በብዙ ቦታ ከአሥር ከብት ዘጠኙ ያህል አለቀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተደረበበት፤ ክፉ ቀን ተባለ። ምኒልክ ለሕዝቡ አርኣያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ወተቱም ጥሎሹም ካሣውም በከብት ለነበረው ለአርሲ ሕዝብ የከብቱ ማለቅ ምን እንደ ነበር ለእናንተ ለሲሬ ሰዎች መተረክ አያስፈልግም። ዘመኑ ደግሞ አርሲ በአዙሌ ጦርነት በምኒልክ ሠራዊት ድል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመት ያለፈበት ነበር፤ ሁለቱ መከራ ተከታትሎ ወረደ። በሽታው እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ድረስ ዘለቀ። ኢትዮጵያ ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኗ የታወቀላት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ዓለም ሙሉ ነፃ የተባለው በ2011።

ስለዚህ አንዲት መርከብ ከብት ጭና ወደብ ስትገባ የሚጀምር ልቦለድ በእኛ አገር ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሕፃናት በመንገድ ዳር ቆመው የሚያጨበጭቡለት ነው። ሌላው መንደር በመንደር የሚያልቅበት ነው። የአሜሪካው አንባቢ የመጀመሪያውን አግኝቶ አለቀሰ፤ ለእኛ አንባቢ ሁለተኛውም ሊጻፍለት ይገባል።

ይህን የሚያነበው ሰው ማን ነው? እዚህ ላይ የሲሬና የአርሲ አንባቢ ልዩ ሥልጣን አለው። የከተማ አንባቢ ደራሲው ዓመተ ምሕረቱን ስቶ እንደ ሆነ ይመረምራል። በከብት መካከል ያደገ አንባቢ ሌላ ነገር ይመረምራል፤ «ይህ በሬ ሦስተኛ ቀኑን ውኃ ሳይቀምስ ዳገት ወጣ ትለኛለህ? ይህቺ ላም ጥጃዋ ከኋላ ቀርቶ እንዴት ዝም ብላ ተነዳች? አመሻሹ ላይ ጨው ያላገኘ ከብት ነው ይህ?» ይላል። የሜዳ አህያው ታሪክ ሲጻፍም እንዲሁ ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ውኃ ሳይጠጣ እስከ አምስት ቀን መቆየት ይችላል፤ የምታጠባ እናት ግን በየቀኑ ወይም ቢበዛ በሁለተኛው ቀን መጠጣት አለባት። ደራሲው ይህን ካላወቀ የአዋሽን ቆላ ሲሻገር እንስሳውን ያለ ቦታው ይገድለዋል፤ ወይም ያለ ቦታው ያድነዋል። የአርሲ እረኛ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይይዘዋል።

ይህ እውቀት ደግሞ እየተሸረሸረ ነው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በአሰላ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ከፈረንጅ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ላሞችን በጭላሎ ገበሬ ዘንድ አስለመደ። ኋላ በአሰላ በተደረገ ጥናት የአርሲ ላም በአንድ የአለባ ዘመን 800 ኪሎ ገደማ ወተት ስትሰጥ ከፍሪዥያን የተዳቀለችው 2,000 ኪሎ ገደማ ሰጠች። ሰው ሠራሽ ማዳቀል ሲስፋፋ ኮርማው ራሱ መጓዝ ቀረለት፤ በቀዝቃዛ ዕቃ ዘሩ ብቻ ይመጣል። የሚሸጥ ሰንጋም ቢሆን በአይሱዙ ተጭኖ አዳማ ይደርሳል። ቀድሞ ነጂ በእግሩ ቀናት የሚፈጅበትን መንገድ ሹፌር በሰዓታት ይጨርሰዋል። ለከብቱም ለነጋዴውም መልካም ነው። ነገር ግን ከብት በእግሩ ሲነዳ የት እንደሚያድር፣ በየትኛው ወንዝ እንደሚጠጣ፣ በማን ሜዳ ላይ ተለምኖ እንደሚሰማራ፣ ሌባ ሲመጣ ማን እንደሚጮህ የሚያውቁ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ሊንዳ ራትሌጅ ዉዲን የ105 ዓመት ሽማግሌ ያደረገችው በዘፈቀደ አልነበረም። በእውነት መኪናውን ካጀበው ሰው የተሟላ ትረካ ቢገኝ ኖሮ ሽማግሌ መፍጠር ባላስፈለጋት ነበር። እኛ ግን ሽማግሌ መፍጠር አያስፈልገንም፤ ከሲሬ ወደ አዋሽ ቆላ ከብት ነድተው የወረዱ፣ ከቆላው ወደ ደጋው የመለሱ አባቶች ዛሬም በየመንደሩ አሉ። ታሪካቸውን በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ የሚቀዳ የትምህርት ቤት የንባብ ክበብ አንድ ስልክና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃዋል። የሚጠየቀውም ቀላል ነው፤ መንገዱ በየት በየት ያልፍ ነበር? ስንት ሰው ስንት ከብት ይነዳ ነበር? መሪ በሬው ስሙ ማን ነበር? የታመመው ከብት ምን ይደረግ ነበር? ነጂው ስንቁ ምን ነበር? ደመወዙስ በገንዘብ ነበር ወይስ በጥጃ?

እነዚህ መልሶች በጽሑፍ ሲቀመጡ የነገ ደራሲ የምኒልክን የሜዳ አህያ ከአንኮበር ሲያስነሣ ወይም የናፒየርን ዝሆን በሰንዓፌ ሲያወጣ ከአየር ላይ አይፈጥርም። አንባቢውም «የቱ ነው እውነቱ?» ሲል ቢያንስ የመንገዱንና የውኃውን እውነት ያገኛል።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ግን በዚህ አዳራሽ ከብት በእግሩ ወደ ገበያ ነድቶ የሚያውቅ አባት ወይም እናት ካለ ቀድሞ ይናገርልን።